«ዋናው እያለ ቅጂውን ምን ያደርግልሻል?»

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ግሩሰም የሚባለው የዴዝ ሜታል (በጣም ከባድና ጩኸታም የሆነ የሮክ ዓይነት) ባንድ ያወጣውን "ሳይለንት ኤኮስ" የተባለ አልበም ሰምቼ በጣም ወደድኩት። ታላቅ ወንድሜ ግን "ይህ እኮ ዴዝ የተባለው የድሮ ባንድ ቅጂ ነው፤ ዋናው እያለ ቅጂውን ምን ያደርግልሻል?" ብሎ አሳፈረኝ። እውነት ስርቆት ነው? እኔም ጊታር እየተማርኩ ስለሆነ ከሌላ ሰው መውሰድ እስከ የት ድረስ እንደሚፈቀድ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ኀፍረቱን ከትከሻሽ ላውርድልሽ። ጆሮሽ የወደደውን ወድዷል፤ ለዚያ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም። ወንድምሽ ያነሣው ነገር ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ ሃያ አምስት ዓመት ጊታር ሳስተምርና ባንዶች ስቀርጽ ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ ስርቆቱ በአጭሩ፦ አይደለም። ስርቆት የሚሆነው ባለቤቱን ሲሸሽጉት ነው። ግሩሰም በ2014 ሲመሠረት ዓላማው የታወቀ ነበር። ኤግዙምድ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ መሪ ማት ሃርቪና ቀድሞ በማሌቮለንት ክሪኤሽን ድራም ይጫወት የነበረው ገስ ሪዮስ ባንዱን ያቋቋሙት የዴዝን የጥንት ድምፅ ለማክበር መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ተናግረዋል። በ2015 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ዴዝ በ1988 ያወጣውን «ሌፕሮሲ» እግር በእግር ይከተላል። ሽፋኑን የሣለው እንኳ ኤድ ሬፕካ ነው፤ የዴዝን የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች ሽፋን የሣለው ያው እጅ። በ2018 ያወጡት ሁለተኛው ወደ «ስፒሪችዋል ሂሊንግ» ተሻገረ፤ እርሱ የ1990 ሥራ ነው። አንቺ የሰማሽው የ2025ቱ ደግሞ «ሂውማን» ላይ ደርሷል፤ የ1991 አልበም። አሳታሚያቸው ሪላፕስ የዴዝን የቀድሞ አልበሞች አድሶ የሚያወጣው ያው ድርጅት ነው። እንግዲህ ሁሉም ነገር በአደባባይ የተደረገ ነው። የአንድን ሟች ሰው መንገድ ከዳር እስከ ዳር፣ በቅደም ተከተሉ፣ እየተራመዱበት ነው።

ሟች ያልኩሽ የዴዝን መሥራች ቸክ ሹልዲነርን ነው። ጊታሩም፣ ድምፁም፣ አብዛኛው ድርሰቱም የእርሱ ነበር። በታኅሣሥ 2001 በአንጎል ዕጢ ምክንያት ሲሞት ገና 34 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ የግሩሰምን ሥራ ሳስበው ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ተዝካር ነው። ተዝካር ላይ ወጡ አዲስ ዓይነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው በልብ ተሠርቷል ወይ፣ የሟቹ ስም በሚገባ ተጠርቷል ወይ፣ የመጣው ሰው ጠግቦ ሄዷል ወይ ነው። በዚህ ሚዛን ከለካሽው «ሳይለንት ኤኮስ» ያማረ ተዝካር ነው። ስንፍና የለበትም።

ይሁን እንጂ የወንድምሽ ጥያቄ በዚህ አይዘጋም። ለምን እንደማይዘጋ ለማሳየት ስለ «ሂውማን» ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ይህን አልበም ስለምወደው ብዙ ብናገር ታገሺኝ።

ቸክ በ1983 ኦርላንዶ አጠገብ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የመጀመሪያ ባንዱን ሲያቋቁም 16 ዓመቱ ነበር። የባንዱን ስም ማንታስ አሉት። ማንታስ የማን ስም መሰለሽ? ቬነም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታር ተጫዋች የመድረክ ስም ነው። የዴዝ ሜታል አባት የሚባለው ልጅ ሥራውን የጀመረው የሌላ ሰው ስም ተውሶ ነው ማለት ነው። ከዚያም በ1985 የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ልጆች የሆኑት ፖሰስድ የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ፤ ቸክ ለእነርሱ የነበረውን አድናቆት ደብቆ አያውቅም። ኪስ የተባለውን የሮክ ባንድም ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ስለነበር «ሂውማን» በጃፓን ሲታተም የእነርሱን አንድ ዘፈን ራሱ ተጫውቶ ጨምሮበታል። እንግዲህ ወንድምሽ «ዋናው» የሚለው ነገር ራሱ ከሌላ ዋና ላይ የተቀዳ ነው። ደግሞ አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ፤ ከግሩሰም ሁለት ጊታር ተጫዋቾች አንዱ ዳንኤል ጎንዛሌዝ ዛሬ የፖሰስድም አባል ነው። ቸክን ያስተማረው ባንድና ከቸክ የተማረው ባንድ በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተዋል።

ታዲያ ቸክ የሚለየው በምንድን ነው? አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። ዴዝ ሰባት የስቱዲዮ አልበም አለው፤ የተጫዋቾች ስብስብ በየአልበሙ ይለዋወጣል፤ እርሱም ያለፈውን ሥራ ደግሞ ሠርቶ አያውቅም። «ሂውማን» የተወለደው ከመለያየት ነው። በ1990 መጨረሻ ላይ ቸክ ለአውሮፓ ጉዞ ሊነሡ ሲሉ ቀረ፤ ድራም ተጫዋቹና ቤዝ ተጫዋቹ እርሱን ትተው፣ በቦታው ሌሎች ሰዎች ተክተው፣ በባንዱ ስም ዞሩ። የገዛ ባንድሽ አንቺ ሳትኖሪ በስምሽ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲጫወት አስቢው። ሰውየው ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው ፍለጋ ወጣ። ከማያሚ ሁለት የ20 ዓመት ልጆች አገኘ፤ ጊታር ተጫዋቹን ፖል ማስቪዳልንና ድራም ተጫዋቹን ሾን ራይነርትን። ሁለቱ ሲኒክ የተባለ የራሳቸው ባንድ ነበራቸው፤ ጃዝም አጥብቀው ያዳምጡ ነበር። ቤዙን ከካሊፎርኒያ ስቲቭ ዲጆርጂዮ ያዘ። ታምፓ ወደሚገኘው ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ ገቡ፤ ድምፁን የመራው ስኮት በርንስ ነበር። ያ ስቱዲዮ በዚያ ዘመን የዴዝ ሜታል መናኸሪያ ነበር፤ ካኒባል ኮርፕስን የመሰሉ ባንዶች ከኒው ዮርክ ግዛት ድረስ እየተጓዙ የሚቀረጹት እዚያ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ዘፈን ክፈቺና አብረን እንስማ። ጊታር የለም። ከሩቅ ድራም ብቻ ይመጣል፤ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ በሁለት ፔዳል ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፤ ከላዩ ቶሞቹ፣ በዱላ የሚመቱት ከበሮዎች፣ ይንከባለላሉ፤ ድምፁ ከተራራ ማዶ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ቀስ በቀስ ይጎላል። ከዚያ በኋላ ነው ጊታሩ የሚወድቅብሽ። በ1991 ለነበረ ሰሚ ይህ ድንጋጤ ነበር። ድራም ተጫዋቹ ፍጥነትን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ሲምባሎቹን እንደ ጃዝ ተጫዋች እየነካካ፣ ምቱን እየቆራረጠ፣ ጊታሩ ከሚለው ሌላ ነገር ይናገራል። ግጥሞቹም ከሬሳና ከደም ወጥተው ወደ ሰው ውስጥ ገብተዋል፤ ስለ መከዳት፣ ስለ አለመግባባት ይናገራሉ። ስሙን «ሂውማን» ማለቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

እዚህ ላይ ነው የጥያቄሽ እንብርት። ቸክ በዚያ አልበም የሠራው ሥራ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ውጤቱ ነው፤ ድምፁ፣ የድራሙ አመታት፣ የጊታሮቹ ጥምረት። ሁለተኛው ውሳኔው ነው፤ የተሳካለትን ድምፅ ትቶ፣ አድማጮቹን የማጣት አደጋ ገጥሞ፣ ከራሱ የተሻለ የሙዚቃ ዕውቀት ያላቸውን ልጆች ቤቱ አስገብቶ «እናንተ ደግሞ የምትሉትን በሉ» ማለቱ። ውጤቱ ሊቀዳ ይችላል። ውሳኔውን ግን ሌላ ሰው ደግሞ ሊወስነው አይችልም፤ በ2025 ያንን ድምፅ መምረጥ አደጋ የለውም፤ ተወዶ፣ ተከብሮ፣ 34 ዓመት ኖሯልና።

ግሩሰም የወሰደው ውጤቱን ነው። ይህን ስል እያቃለልኩት አይደለም። የመጀመሪያ አልበማቸው የተከተለው ድምፅ ቀጥተኛና ሸካራ ስለነበር ብርቱ ልምምድ ያለው ባንድ ሊደርስበት ይችላል። «ሂውማን» ግን በማስመሰል የሚደረስበት አይደለም፤ ወይ እጅሽ ይችለዋል ወይ አይችለውም። ምቱ በየጥቂቱ ይቀያየራል፤ ድራሙ ዕረፍት የለውም። ገስ ሪዮስ እዚህ አልበም ላይ የተጫወተውን ለመጫወት የራይነርትን አነጋገር እንደ ቋንቋ መማር ነበረበት። ራይነርት በጥር 2020 በ48 ዓመቱ አርፏል፤ ያ ቋንቋ ከተናጋሪው ጋር እንዳይቀበር እጁን ያደከመ ሰው ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ሌላም ነገር ልጨምር፦ በመጀመሪያው የ«ሂውማን» ቅጂ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ተቀብሮ ነበር፤ ሪላፕስ በ2011 ድምፁን እንደ አዲስ አስተካክሎ ሲያወጣው ነው በደንብ የተሰማው። ወንድምሽን ስትከራከሪው ያንን እትም አስደምጪው፤ የአልበሙን ሙሉ አካል ያገኛል።

የሚጎድለው ምንድን ነው ካልሽ፦ ቁስሉ። «ሂውማን» ውስጥ ያ ሰው ማን እንደከዳው አውቆ ነው የሚጮኸው። «ሳይለንት ኤኮስ» ውስጥ የምሰማው ፍቅር ነው። ፍቅር ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም እንደ ቁስል ሌሊት አያስነሣኝም። ግሩሰምን ሰምቼ ስጨርስ እጄ የሚሄደው ወደ «ሂውማን» ነው፤ ከ«ሂውማን» በኋላ ግን ወደ ሌላ ነገር አይሄድም። ወንድምሽ «ዋናው እያለ» ያለው በዚህ ነገር እውነት አለው። የተሳሳተው ቅጂውን ከሰማሽ ዋናውን ያጣሽ አስመስሎ መናገሩ ላይ ነው። በግሩሰም በኩል ቸክ ጋ የምትደርሺ ከሆነ ባንዱ ሥራውን ሠርቷል።

አሁን ወደ አንቺ ጊታር ልምጣ።

«ሂውማን» እኔ ዘንድ የደረሰው አዲስ አበባ ሳለሁ፣ የአጎቴ ልጅ ከስዊድን በላከልኝ የተቀዳ ካሴት ነው። ቴፓችን የሚሠራው በመብራትም በባትሪ ድንጋይም ነበር። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በድንጋይ ስሰማ ድንጋዩ ደከመ፤ ቴፑ መዘግየት ጀመረ፤ ዘፈኑም ወፈረ። ያን ጊዜ ነው ሲፈጥን ያመልጠኝ የነበረው የጊታር ሐረግ አንድ በአንድ የተሰማኝ። ከዚያ ወዲያ የደከመ ድንጋይ አልጥልም ነበር፤ ለትምህርት አስቀምጠው ነበር። ዴዝ ጊታራቸውን ከመደበኛው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኛሉ፤ የእኔ ቴፕ ደግሞ ከዚያም በታች አወረደው፤ እኔም እርሱን ተከትዬ ክሮቹን አላላኋቸው። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቅኝት ተለማመድኩ። በኋላ ስቶክሆልም መጥቼ ከሌሎች ልጆች ጋር ስጫወት ከማንም ጋር አልገጠምኩም፤ ቅኝቱን በአንድ ቀን አስተካከልኩ። እጄ የተማረው ግን አልጠፋም። የመዳፌ ጠርዝ ክሩ ላይ መቼ አርፎ ድምፁን እንደሚያፍን፣ መቼ እንደሚለቀው፣ መምቻው መቼ ወደ ታች ብቻ እንደሚመታና መቼ ወደ ላይም እንደሚመለስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቸክ የት ላይ ዝም እንደሚል። የዚያ ሰው ሐረግ የሚተነፍሰው በዝምታዎቹ ነው። ይህን ማንም በቃል አያስተምርሽም። ቀድተሽ ነው የምታገኚው። ስለዚህ መቅዳትን አትፍሪ።

የምፈራልሽ ሌላ ዓይነት መቅዳት አለ። እዚህ ስቶክሆልም ኢንቶምድ የተባሉ ልጆች ሰንላይት በተባለው ስቱዲዮ፣ ከቶማስ ስኮግስበርግ ጋር፣ በ1990 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ቀረጹ። የጊታሩ ድምፅ እንደ ኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። የሚመጣው ኤችኤም-2 ከምትባል፣ የጊታርን ድምፅ ከምትለውጥ የቦስ ኩባንያ ትንሽ ጥቁር ፔዳል ነው፤ አራት መቆጣጠሪያ አላት፤ አራቱንም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ያዞሯቸዋል። ኩባንያው በ1991 ማምረቱን አቁሞ ነበር፤ ፈላጊው እየበዛ ሲሄድ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ሠራት። ተማሪዎቼ ይህችን ፔዳል ይዘውልኝ ይመጣሉ። አንዱ አሮጌዋን በውድ ዋጋ ገዝቶ፣ መቆጣጠሪያዎቹ እንዳይነቃነቁ በፕላስተር አጣብቋቸው መጣ። አንድ ክር መታ፤ ክፍሉ በመጋዝ ድምፅ ተሞላ፤ ፊቱ አበራ። «አሁን የራስህን ሐረግ ተጫወት» አልኩት። ዝም አለ። ድምፁ ሁሉንም ነገር ስለሰጠው የሚፈልገው ነገር አልቀረውም ነበር። ፕላስተሩን አነሣንና ያለ ፔዳሏ ሦስት ወር ሠራን። ያ ልጅ ዛሬ ፔዳሏን ይጠቀምባታል፤ ሐረጉ ግን የራሱ ነው።

በአንጻሩ የ2024ቱን የብላድ ኢንካንቴሽን አልበም ስሚ፤ «አብሶሉት ኤልስዌር» ይባላል። ከዴንቨር የመጡ ናቸው። እነርሱም ከላይ እስከ ታች በሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ የተደገፉ ናቸው፤ የአልበሙ ስም እንኳ ከ1970ዎቹ የእንግሊዝ ባንድ የተወሰደ ነው። በርሊን ድረስ ሄደው በታዋቂው ሃንዛ ስቱዲዮ ቀረጹ፤ የጀርመኖቹ የታንጀሪን ድሪም አባል ቶርስተን ክቬሽኒንግ መጥቶ ተጫወተላቸው። ሁለት ረጃጅም ሥራዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ በሦስት ተከፍሏል። የፍሎሪዳ ዴዝ ሜታል ጭካኔ፣ የ1970ዎቹ ዝግተኛ ሮክ፣ የጀርመን ኤሌክትሮኒክስ ሁሉም በግልጽ ይታያሉ። ነገር ግን እነዚህ ምንጮች በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ እምብዛም አይታይም ነበር። ባንዱ የራሱን ሥራ የሠራው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው፤ ጩኸቱ ቆሞ ዝግታው የሚጀምርበት ቅጽበት የማንም አይደለም፤ የእነርሱ ነው። ከአንድ ቤት ብዙ የወሰደ ሰው የዚያ ቤት ልጅ ይባላል። ከአራት ቤት የወሰደ ደግሞ የራሱን ጣሪያ ማቆም ግድ ይሆንበታል።

የእኛ የቅኔ ቤት ይህን ሁሉ አስቀድሞ ለይቶታል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ልኩን ተማሪው አይፈጥረውም፤ ከመምህሩ ይቀበለዋል። ልኩን ከጣሰ ይታረማል። የመምህሩን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ቢዘርፍ ግን ነውር ነው። ልኩ የሁሉም ነው፤ ምሥጢሩ የባለቤቱ ነው። አንቺም የዴዝ ሜታልን ልክ፣ ቅኝቱን፣ የእጅ ሥርዓቱን፣ የድራምና የጊታሩን ንግግር ከፈለግሽው ሰው ውሰጂ። ማንም አይጠይቅሽም።

እስከ የት ድረስ ላልሽው የምሰጥሽ መለኪያ አንድ ነው፤ ከተማሪዎቼ ጋርም የምሠራው ይህንኑ ነው። ከ«ሂውማን» አንድ የምትወጂውን ሐረግ ምረጪ፤ ረጅም አይሁን። ጊታርሽን አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገሽ ቃኚ። ዛሬ ስልክ ላይ ፍጥነቱን ቅኝቱ ሳይበላሽ ማዘግየት ይቻላል፤ ግማሽ አድርጊውና እንከን እስኪያጣ ተለማመጂው፤ ሳምንትም ወርም ቢፈጅ። ከዚያ «እዚህ ላይ የወሰነው ነገር ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ምናልባት አድማጩ ከባድ ምት በሚጠብቅበት ቦታ ዝም ብሎ ይሆናል፤ ምናልባት ሁለተኛውን ጊታር እስከ አራተኛው ዙር ድረስ አቆይቶት ይሆናል። ያገኘሽውን ውሳኔ በወረቀት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። ከዚያ በኋላ ዘፈኑን ዝጊና ለሁለት ሳምንት አትስሚው፤ ይህን ሁለት ሳምንት ማንም አያሳጥርብሽ። በወረቀቱ ላይ ካለው ውሳኔ ብቻ ተነሥተሽ የራስሽን ሐረግ ሥሪ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ቅረጺ። ድምፁ ከተመሳሰለና ውሳኔው ከሌለ ገና እየቀዳሽ ነው፤ ተመለሺና ቀጥዪ። ውሳኔው ካለና ድምፁ ሌላ ከሆነ ግን ወርሰሻል።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ለወንድምሽ አሰሚው። የቱ የቸክ እንደሆነ፣ የቱ የአንቺ እንደሆነ አትንገሪው። ከየት እንደመጣ ገምቶ «ይህ ግን የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅበትን ሰከንድ ልብ ብለሽ መዝግቢልኝ፤ የሚቀጥለውን ትምህርት ከዚያች ሰከንድ እንጀምራለን።